ለሰው ሁሉ እንደ ጠባዩ መናገር የአለቃ አደራ ስለ መሆኑ

ሰዎችን በመልክ፣ በቋንቋና በጠባይ ለያይቶ ለፈጠረ ለአላህ ምስጋና ይድረሰው። ሰላምና በረከት በመልእክተኛው በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፥ አንባቢ ሆይ፥ በፊተኛው ምዕራፍ የዐረቡ ደራሲ ምላስን ስለ መጠበቅ የተናገረውን አንብበሃል። እርሱ የጻፈው ስለ ሐሜት፣ ስለ ውሸትና ስለ ከንቱ ነገር ነው። ነገር ግን በአገራችን በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉት ደጋዎች ከሐሜት ያላነሰ ጉዳት የሚያደርስ አንድ ሌላ የምላስ ጥፋት ስላለ፥ ከትርጉሙ ቀጥሎ ይህን ትምህርት መጨመር ተገቢ ሆኖ ታየን። ይኸውም በሰዎች ላይ የተሾመ ሰው፥ የመሥሪያ ቤት አለቃ ቢሆን፥ የትምህርት ቤት ኀላፊ ቢሆን፥ የግንበኞች ካቦም ቢሆን፥ ከበታቹ ላሉት ሁሉ በአንድ ድምፅና በአንድ አነጋገር ብቻ የሚናገርበት ጥፋት ነው።

ምናልባት ትገረም ይሆናል። «ለሁሉ እኩል መናገር ፍትሕ አይደለምን?» ትላለህ። እኔም ብዙ ዘመን እንዲህ አስብ ነበር፤ ይህም አሳብ ምን እንዳስከፈለኝ በስተመጨረሻ እነግርሃለሁ።

እስቲ በቅዳሜ ገበያ ጤፍ የሚሰፍረውን ነጋዴ ተመልከት። ቁናው ለሁሉ አንድ ነው፤ ለሀብታሙ አይሞላም፥ ለድኻውም አይጎድልም። ነገር ግን አንዱ ገዢ ስልቻ ይዞ ይመጣል፥ ሌላው ከረጢት፥ ሦስተኛይቱ ነጠላዋን ዘርግታ ትቀበላለች። ነጋዴው ለስልቻው አፉን ይዞ ያፈስሳል፤ በነጠላው ላይ ግን ቀስ ብሎ ይዘረግፋል። ሁሉንም እንደ ስልቻ ልስፈር ቢል የሴትዮይቱ እህል በመሬት ላይ ይበተናል። እንግዲህ ፍትሕ ያለው በቁናው ነው እንጂ በአፈሳሰሱ አይደለም። ቃልም እንደዚሁ አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ ከሰጪው እጅ ስለ ወጣ አልተፈጸመም፤ ከተቀባዩ እጅ በገባ ጊዜ ነው የሚፈጸመው። «እኔ ተናግሬአለሁ፥ አልሰማም ያለው እርሱ ነው» የሚል አለቃ፥ እህሉን መሬት ላይ አፍስሶ ዋጋውን እንደሚጠይቅ ነጋዴ ነው።

የነቢዩን (የአላህ ሰላትና ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን) ሐዲስ የተማረ ሰው ይህን ያውቃል። ልዩ ልዩ ሰዎች ወደ እርሳቸው እየመጡ ምክር ይጠይቁ ነበር፤ መልሱም እንደ ጠያቂው ነበረ። አንዱን ሰው ደጋግመው ከቁጣ እንዲከለከል መከሩት። አቡ ዘርን ግን ሹመትን በጠየቀ ጊዜ ደካማ መሆኑንና ሹመት አደራ መሆኑን ገልጠው በፍቅር ከለከሉት። ባላገሩ በመስጊድ ውስጥ በሸና ጊዜ ሰዎቹ ሊነሡበት ሲሉ፥ እስኪጨርስ ተዉት ብለው በላዩ ውኃ አስፈሰሱና ለእርሱ በለዘብታ አስረዱት። ከባልደረቦቻቸው አንዳንዱ ባጠፋ ጊዜም ስሙን ሳይጠሩ፥ እንዲህና እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች ምን ነካቸው በሚል አነጋገር በጠቅላላው ይናገሩ ነበር፤ ያጠፋውም ራሱን ያውቃል፥ ፊቱም አይጠቁርም።

ከሁሉ ይልቅ ግን በአለቅነት ላይ ያለ ሰው ሊያጠናው የሚገባው የሑነይን ጦርነት ካለፈ በኋላ በስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ የሆነው ነው። ምርኮው ሲከፋፈል፥ በቅርቡ የሰለሙት የመካ ታላላቆች እያንዳንዳቸው መቶ መቶ ግመል ሲቀበሉ፥ ብዙ ዘመን በነቢዩ ጎን የቆሙት የመዲና ሰዎች አንሷሮች ያን የመሰለ ድርሻ አላገኙም። ማጉረምረምም ተጀመረ። ሰዕድ ኢብን ዑባዳ ሄዶ የሕዝቡን ስሜት ሳይሸፍን ነገራቸው። አንተስ በዚህ ነገር ወዴት ነህ ብለው ቢጠይቁት፥ እኔም ከወገኖቼ አንዱ ነኝ አለ። ልብ አድርግ፤ አልተቆጡትም። ወገኖቹን ብቻ ለይቶ እንዲሰበስብ አዘዙት እንጂ። በአደባባይ፥ ግመሉን በተቀበሉት ሰዎች ፊት አልተናገሯቸውም። ለብቻቸው ሆነው በመጀመሪያ ቅሬታቸውን ራሳቸው እንደ ሰሙ ገለጡላቸው፤ አላህ በእርሳቸው ምክንያት ያደረገላቸውን አስታወሷቸው፤ ቀጥለውም አንሷሮች ለእርሳቸው ያደረጉላቸውን ውለታ፥ እነርሱ አፍረው ያልተናገሩትን፥ በእነርሱ ፈንታ ራሳቸው ቈጠሩላቸው። በመጨረሻም ሌሎቹ ግመልና በግ ነድተው ሲመለሱ እናንተ የአላህን መልእክተኛ ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ብትመለሱ አትወዱምን ብለው ጠየቁ። ጢማቸው እስኪርስ አለቀሱ። ለአዲሶቹ ግመል ቋንቋ ነበረ፤ ለአንሷሮች ግን ግመሉ ምንም አይናገርም ነበር። ይህን ያላወቀ አለቃ፥ ደመወዝ ለሚፈልገው ምስጋና፥ ምስጋና ለሚፈልገውም ደመወዝ ሲሰጥ ይኖራል፤ ሁለቱም ያዝኑበታል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ (ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ከተማዪቱ በ1636 ተቈረቈረች ይባላል) ለየመን ኢማሞች ደብዳቤ ላኩ፤ የመጀመሪያው በ1642፥ ሁለተኛው በ1647 ነበረ። ሁለተኛውን የተቀበሉት ኢማም አል ሙተወክል ኢስማዒል ናቸው። የደብዳቤው ቃል በወዳጅነት የተሞላ ሲሆን የጉዳዩን ሥር ግን በግልጥ አላወጣውም። በሰምና ወርቅ ያደገ የጎንደር ሰው ይህን አነጋገር ጨዋነት ይለዋል፤ ዋናው ጉዳይ በመልእክተኛው ፊት፥ በጸጥታ ይነገራል ብሎ ያስባል። የየመን ሊቃውንት ግን ጉዳዩን በሌላ ጆሮ ሰሙት። አንድ የክርስቲያን ንጉሥ ለአንድ የእስልምና ኢማም ይህን ያህል ፍቅር ከገለጠ፥ ልቡ ወደ እስልምና ቢያዘነብል ነው እንጂ ሌላ ምን ምክንያት አለው አሉ።

ስለዚህም ዐዋቂውን ቃዲ አል ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚን ላኩ። እርሱም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ከበይሉል ወደብ በአፋር በረሓ አድርጎ፥ እጅግ ብዙ መከራ ተቀብሎ በ1648 ከጎንደር ደረሰ። ጉዞውንም በዐረብኛ ጽፎታል። በቤተ መንግሥቱ ከተቀመጠ በኋላ የተረዳው ነገር፥ ንጉሡ የፈለጉት ሃይማኖት መለወጥን ሳይሆን የንግድ መንገድን መሆኑን ነው። ምጽዋ በቱርኮች እጅ ስለ ነበረች፥ ንጉሡ ነጋዴው በእነርሱ ደጅ ሳያልፍ በበይሉል በኩል ወደ የመን እንዲገናኝ ይሹ ነበር። ቃዲው እጁን ባዶውን ተመለሰ፤ መልእክቱም ፍሬ ሳያፈራ ቀረ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ ውሸታም ማን ነው? ማንም የለም። ሁለቱም ወገን የየራሱን ጨዋነት ጠበቀ። ነገር ግን አንዱ የሌላውን ጆሮ ሳያውቅ ተናገረ፥ ሌላውም የተናጋሪውን አገር ሳያውቅ ሰማ። በዚህም ሁለት መንግሥታት የብዙ ዓመት ድካም ከሰሩ። ዐፄ ፋሲል በሌላ ጊዜ ስለ መልእክተኛ ምርጫ ጥንቁቅ ነበሩ፤ በ1660ዎቹ ወደ ሕንድ ወደ ሙጋሉ ንጉሥ ወደ አውረንግዜብ ሲልኩ አንድ እስላም ነጋዴና ሙራድ የተባለ አንድ አርመናዊ ክርስቲያን አጣምረው ላኩ። በኋላም ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ሐኪም ሲፈልጉ ሐጂ ዐሊን ወደ ካይሮ ሰደዱ፤ እርሱም ፈረንሳዊውን ፖንሴን ይዞ በ1699 ተመለሰ። መልእክተኛን እንደ ሰሚው መምረጥ ንጉሦች ያወቁት ጥበብ ነው። ራስን እንደ ሰሚው ማዘጋጀት ግን ከዚያ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሌላ ሰው መላክ ይቻላል፥ ሌላ ሰው መሆን ግን ትዕቢታችን አይፈቅድም።

አሁን ደግሞ ከእኛ ዘመን የቀረበውን ተመልከት። በ1953 በደንቢያ ሜዳ ወባ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚደርስ ሰው እንደ ፈጀ ይነገራል። በሚቀጥለው ዓመት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው የበቀለው ከእርሱ ነው። ኮሌጁ ያሠለጠነው ሐኪምን ለብቻው አልነበረም። የጤና መኰንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው ተምረው፥ እንደ ቆላድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች አብረው እንዲሠሩ ነበር። የቡድኑ መሪ የጤና መኰንኑ ነው።

እስቲ ያን ወጣት የጤና መኰንን ራስህን አድርገህ አስብ። ነርሷ በየቤቱ ገብታ እናቶችን ስለምታነጋግር፥ አንተ በወረቀት የማታገኘውን ነገር ታውቃለች፤ ለእርስዋ ትእዛዝ ከመስጠትህ በፊት ያየችውን ብትጠይቃት ሥራው ግማሽ ደርሷል። ሳኒታሪያኑ ግን ስለ ጉድጓዱ ጥልቀትና ከምንጩ ስለሚርቅበት ርቀት ቁርጥ ያለ ቁጥር ይፈልጋል፤ ለእርሱ ረጅም ምክር ጊዜ ማባከን ነው። ቁስል አጣቢው ሥራውን በእጁ አይቶ የተማረ ነው፤ ብታሳየው ይይዛል፥ ብትነግረው ይረሳል። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ደግሞ የሰባት ልጆች አባት፥ በመንደሩ በሽምግልና የሚጠራ ሰው ይሆናል።

በዚህ በዘበኛው ላይ ጥቂት ልቈይ፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት በእርሱ ነውና። ከትምህርት ቤት የወጣ የሃያ አምስት ዓመት ኀላፊ የስድሳ ዓመቱን ሰው «አንተ» ብሎ ይጠራዋል። በመሥሪያ ቤቱ ማዕረግ የበላይ ነኝና ይገባኛል ይላል። ሽማግሌውም «እሺ ጌታዬ» ይላል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን በር ከመክፈትና ከመዝጋት በቀር አንዳች ነገር አይነግረውም። መንደሩ በክትባቱ ላይ ያወራውን፥ ማን እንደ ታመመና ማን እንደ ደበቀ ሁሉ በዘበኛው ልብ ውስጥ ተቈልፎ ይቀራል። «አንቱ» የምትለው አንዲት ቃል በጎንደር ስንት በር እንደምትከፍት የማያውቅ ሰው በጎንደር አለቃ መሆን የለበትም ብል ብዙም አላጋነንሁ።

«እሺ» የምትለውንም ቃል እንመርምር። የወገራና የስሜን ሰው «እሺ» ሲል ብዙ ጊዜ «ሰምቼአለሁ፥ አከብርሃለሁ» ማለቱ ነው፤ «ተረድቼአለሁ፥ እስማማለሁም» ማለቱ ላይሆን ይችላል። አለቃውን ፊት ለፊት «አልገባኝም» ማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። ዓይኑን ወደ መሬት ቢያደርግም ንቀት አይደለም፥ አክብሮት ነው። ከሌላ አገር የመጣ አለቃ ይህን ሳያውቅ ሥራው ሲበላሽ «እሺ ብለህ ዋሸኸኝ» ይለዋል፤ ሰውዬው ግን አልዋሸም። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ጉዳዩን በራሱ አፍ መልሶ እንዲናገር አድርገው። እንደ ፈታኝ ሆነህ «ምን አልሁህ?» አትበለው። «አሳጥሬ ተናግሬ እንደ ሆነ እንይ፤ ነገ ሥራውን ከየት ብትጀምረው ይሻላል?» በለው። ጥፋቱን በራስህ ላይ ካደረግኸው ይሉኝታው ይፈታል።

በዘመናችን ደግሞ በስልክ ተጽፎ ለሃያ ሰው በአንድ ጊዜ የሚላክ መልእክት ተጨምሯል። ለስብሰባ ሰዓት መልካም ነው። ለተግሣጽ ግን ከዚህ የከፋ መሣሪያ አላየሁም፤ ድምፅ የለውም፥ ፊት የለውም፥ ከሁሉም በላይ ሃያው ሰው የየራሱን ድምፅ ይሰጠዋል።

አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሊቃወመኝ ይችላል፦ «ለእያንዳንዱ ሰው በተለየ መንገድ የሚናገር ሰው ሁለት ፊት ያለው ሙናፊቅ አይደለምን?» ጥያቄው ከባድ ነውና በቸልታ አላልፈውም። መልሱን ከአገራችን ምድር እናገኘዋለን። የነቢዩ ባልደረቦች በ615 ገደማ ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ፥ ቁረይሾች ዐምር ኢብን አል ዓስን ከአንድ ጓደኛው ጋር ከገጸ በረከት ጋር ልከው ስደተኞቹን ከነጃሺ እጅ ሊያስመልሱ ሞከሩ። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ስለ ስደተኞቹ በንጉሡ ፊት ቆመ። የተናገረው ከዚህ በፊት በድንቁርና እንዴት እንደ ኖሩ፥ ብርቱው ደካማውን እንዴት ይበላ እንደ ነበረ፥ ነቢዩም እውነትን፣ አደራንና የጎረቤትን መብት እንዳስተማሩአቸው ነው። ፍትሕ ወዳድ ለሆነ ንጉሥ የፍትሕን ነገር አስቀደመ። ከቁርኣን እንዲያነብ በተጠየቀ ጊዜም ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ አነበበ፤ ሰሚዎቹ ክርስቲያኖች ስለ ነበሩ ልባቸው የሚያውቀውን ነገር መረጠ። ንጉሡም አለቀሱ።

እስከዚህ ድረስ እንደ ሰሚው መናገር ነው። በማግስቱ ግን ዐምር ተመልሶ፥ ስለ ዒሳ የሚሉትን ጠይቃቸው ብሎ ንጉሡን አነሣሣ። ስደተኞቹ ሕይወታቸው በዚያች መልስ ላይ ተንጠልጥላ ሳለ ተማከሩ፤ ነቢያቸው ካስተማሩአቸው በቀር ምንም ላይናገሩ ቈረጡ፥ እንደዚያም መለሱ፤ የአላህ ባሪያና መልእክተኛው፥ ወደ መርየም የጣለው ቃሉ መሆኑን ገለጡ። እንግዲህ ድንበሩ ይህ ነው። ጀዕፈር ከየት እንደሚጀምር መረጠ፥ የቱን እንደሚያስቀድም መረጠ፤ የሚያምነውን ነገር ግን አልለወጠም። አንተም ለአንዱ ሠራተኛ በምሳሌ፥ ለሌላው በቁጥር፥ ለሦስተኛው በብቻው ተናገር። ደመወዙን፣ ደንቡንና ቅጣቱን ግን እንደ ሰዉ ፊት አትለዋውጥ። ለአንዱ «ሥራህ መልካም ነው» ብለህ ለአለቃህ «ሰነፍ ነው» ብትል እርሱ ነው ሙናፊቅነት።

አሁን የገባሁልህን ቃል ልፈጽም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መድረሳ የሰባት መምህራን ኀላፊ ሆኜ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ከወገራ የመጡ፥ አርባ ዓመት ያህል በሉሕ ቁርኣን ያስቀሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሌላው ሒሳብ የሚያስተምር ወጣት ነው። ወጣቱ በየጠዋቱ ይዘገይ ነበር። እኔም ለአንዱ ነጥዬ ብናገር አድልዎ ይሆናል ብዬ፥ በሰዓቱ የማይገኝ መምህር አደራውን እንደ በላ ይቈጠራል የሚል ማስታወቂያ በአማርኛ ጽፌ በበሩ ላይ ሰቀልሁ። ለሁሉ እኩል የተጻፈ ነውና ፍትሕ የሠራሁ መሰለኝ።

ሽማግሌው ዐረብኛ እንደ ውኃ ያነባሉ፤ የአማርኛው ፊደል ግን አይቀናቸውም ነበር። ከደረሳዎቻቸው አንዱን «ምን ይላል?» አሉት። ልጁም በጓደኞቹ ፊት ጮክ ብሎ አነበበው። አደራ በላ የሚለውን ቃል ከራሳቸው ደረሳ አፍ ሰሙ። ከፈጅር በኋላ ከማንም በፊት መድረሳው ደጅ ተቀምጠው የሚገኙት እርሳቸው ነበሩ። ምንም አልተናገሩም፤ ሐሙስና ዓርብ ዕረፍት ነው፥ ቅዳሜ ሳይመጡ ቀሩ።

ወጣቱን ጠርቼ ስለ ማስታወቂያው ብጠይቀው «ለሸኽየ የተጻፈ መስሎኝ ነበር፤ እርጅና ይዟቸዋል ብዬ» አለኝ።

ወደ ሽማግሌው ቤት ለመሄድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እፍረት አሠረኝ ብል እውነት ነው፤ ነገር ግን በልቤ «እኔ ምን አጠፋሁ?» የሚልም ነበረበት። በሄድሁ ጊዜ ቡና ተፈላ። በአቦሉም በቶናውም ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ እንጂ ስለ መድረሳው አልተናገርንም። በረካው ሲቀዳ «ሸኽየ፥ ወረቀቱን የጻፍሁት አንቱን አስቤ አልነበረም» አልሁ።

«ዐውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «እኔን አስበህ ብትጽፈው ኖሮ አትጽፈውም ነበር። ማንንም ሳታስብ ነው የጻፍኸው።»

ከረመዳን በኋላ ተመለሱ። ወጣቱን ለብቻው አስቀምጬ የእርሱ መዘግየት የስንት ልጅ ትምህርት እንደሚወስድ በወረቀት ላይ አብረን አሰላን፤ የሒሳብ ሰው ነውና ቁጥሩን ሲያይ ዝም አለ፥ ከዚያም በኋላ የጠዋቱን ደወል እርሱ ራሱ ልደውል አለ። ከሽማግሌው ደረሳዎች ግን እርሳቸው በሌሉበት ጊዜ ከተበተኑት አራቱ አልተመለሱም፤ ሁለቱ ጁዝእ ዐምማን ሊጨርሱ ጥቂት ሱራ ነበር የቀራቸው።